ቅርጽን ሳያጣምሙ ማሳደግና ማሳነስ

ባለፈው ዓመት የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ በተከፈተበት ቀን በአዳራሹ በር ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ጨርቅ ያዩ ጓደኞቻችን ሳቃቸውን መግታት አልቻሉም ነበር። ክብ የነበረው የማኅበራችን ዓርማ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ፥ በመካከሉ የተሣለው መጽሐፍ መስመሮቹ ከሩቅ ጠፍተው፥ የአማርኛውም ፊደል ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ በልጦ ታየ። ጥፋቱ የአታሚው አልነበረም፤ ሥዕሉን ያዘጋጀነው እኛው ነን። ገንዘቡም ከአባሎች መዋጮ የወጣ ስለ ነበር ሁለተኛ ለማሳተም አቅም አላገኘንም፤ ጉባኤው እስከ ፍጻሜው ድረስ በእንቁላሉ ሥር ተካሄደ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ትዝ ያለን ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያ መማር የነበረብንን ነገር ዘግይተንም ቢሆን ተቀምጠን ተማርን። እነሆ፥ ሌላው ጓደኛችን በእኛ ስሕተት ይማር ዘንድ የተማርነውን ባጭሩ ማቅረብ ግዴታችን ሆኖ ስለ ተሰማን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ለምሳሌ የምንወስደው ኢንክስኬፕ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ማንም ተማሪ ያለ ዋጋ ሊያገኘው ስለሚችልና በዊንዶውስም፥ በማክም፥ በሊኑክስም ላይ ስለሚሠራ ነው። መሠረተ ሐሳቡ ግን በዚህ ዐይነት በሚሠሩ በሌሎቹም ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ነው።

፩. ሁለት ዐይነት ሥዕል

በኮምፒውተር ውስጥ ሥዕል የሚቀመጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በነጠብጣብ ነው፤ ፎቶግራፍ ሁሉ እንዲህ ነው። ሥዕሉ በረድፍ በተደረደሩ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ይከፈልና የያንዳንዱ ቀለም ይመዘገባል። ወርዱ 300 ነጠብጣብ የሆነ ሥዕል በአንድ ኢንች 300 ነጠብጣብ ቢታተም ወርዱ አንድ ኢንች፥ ማለት 2.54 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጥራቱም መልካም ነው። ይህንኑ ሥዕል 50 ሳንቲ ሜትር እናድርገው ብንል ግን እነዚያው 300 ነጠብጣቦች በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ ይበተናሉ፤ በአንድ ኢንች 15 ያህል ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ሥዕሉ እንደ ደረጃ የተቈራረጠ ወይም የደበዘዘ ሆኖ ይታያል። ያልነበረ ነገር ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው መንገድ በስሌት ነው፤ ቬክተር የሚባለው ይህ ነው። እዚህ የሚመዘገበው ነጠብጣቡ ሳይሆን ትእዛዙ ነው፤ «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ በዚህ አኳኋን የሚታጠፍ መስመር ሥራ፤ ውስጡን ቀይ ቀባ» እንደ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ባሳየን ቊጥር ትእዛዙን እንደ ገና ይፈጽማል። ሥዕሉ ቢያድግ የሚለወጡት የነጥቦቹ ቁጥሮች ብቻ ናቸው።

ይህ ለምን ቅርጹን እንደማያበላሸው በአንድ ትንሽ ሒሳብ እናሳይ። በእነዚህ ፕሮግራሞች አንድ ጥምዝ መስመር የሚወሰነው በአራት ነጥቦች ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ መስመሩን ወደ ራሳቸው የሚስቡ ናቸው። የመስመሩን አጋማሽ ለማግኘት የመጀመሪያውን ነጥብ፥ የሁለተኛውን ሦስት እጥፍ፥ የሦስተኛውን ሦስት እጥፍና የአራተኛውን ደምረን ለ8 እናካፍላለን። የአራቱ ነጥቦች ከፍታ 0፥ 40፥ 40፥ 0 ቢሆን ድምሩ 240 ነው፤ ለ8 ሲካፈል 30 ይሆናል። አሁን ነጥቦቹን ሁሉ እጥፍ እናድርጋቸው፤ 0፥ 80፥ 80፥ 0። ድምሩ 480፥ አጋማሹም 60 ይሆናል። 60 የ30 ትክክለኛ እጥፍ ነው። በመስመሩ ላይ ያለ ማናቸውም ሌላ ቦታ እንዲሁ ነው። ስለዚህ አራቱን ነጥቦች ማባዛት ቅርጹን በሙሉ ማባዛት ነው፤ አንዳችም የሚጐድል ነገር የለም።

ይህን የመስመር ሒሳብ ያስገኙት የመኪና ፋብሪካዎች መሆናቸው ይደንቃል። ፖል ደ ካስተልዦ በሲትሮኤን እ.ኤ.አ. በ1959 ላይ፥ ፒየር ቤዚየር ደግሞ በሬኖ በ1960ዎቹ ውስጥ፥ የመኪናን ገላ ጥምዝ በቁጥር ለመግለጽ ሲጥሩ የደረሱበት ነው፤ ስሙ በቤዚየር ተጠራ። ኢቫን ሰዘርላንድም እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው በብርሃን እስክሪብቶ በስክሪን ላይ ሥሎ መጠንን መለወጥ እንደሚቻል አሳየ። ኤስ ቪ ጂ የተባለው የሥዕል አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኖ ጸደቀ፤ ኢንክስኬፕም በዚሁ ደንብ እየሠራ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ።

፪. በእጅ እየጐተቱ መለወጥ

ከሁሉ አስቀድሞ ማየትንና መለወጥን እንለይ። የመደመርንና የመቀነስን ቁልፍ ስንጫን ሥዕሉ በስክሪኑ ላይ ትልቅና ትንሽ ይሆናል፤ ይህ ግን መነጽር እንደ ማድረግ ነው እንጂ የሥዕሉ መጠን አልተለወጠም። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ይሳሳታሉ።

መጠንን ለመለወጥ የቀስት ምልክት ያለውን የመምረጫ መሣሪያ ይዘን ቅርጹን አንድ ጊዜ እንነካዋለን። በዙሪያው ስምንት ባለ ሁለት አፍ ቀስቶች ይወጣሉ፤ አራቱ በማዕዘን፥ አራቱ በጐን። ሁለተኛ ብንነካው ቀስቶቹ ተለውጠው ቅርጹን የሚያዞሩና የሚያጋድሉ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ሳንደነግጥ እንደ ገና መንካት ይበቃል።

የጐኑ ቀስት ወርድን ብቻ ወይም ቁመትን ብቻ ይለውጣል። የእኛን ዓርማ እንቁላል ያደረገው ይህ ነው፤ ጨርቁ ሰፊ ስለ ነበር «ትንሽ ቦታ ይሙላ» ብለን በጐን ጐተትነው። የማዕዘኑ ቀስት ወርድንም ቁመትንም ይለውጣል፤ ነገር ግን እጃችን እንደ ሄደ ይሄዳል እንጂ በራሱ ምጣኔ አይጠብቅም። ምጣኔው እንዲጠበቅ ኮንትሮል የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ የማዕዘኑን ቀስት መጐተት ያሻል። ሺፍት የተባለውን ብንጫን ደግሞ ቅርጹ ከማዕከሉ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያድጋል። ሁለቱን አንድነት ብንጫን ምጣኔውም ይጠበቃል፥ ማዕከሉም ከቦታው አይነቃነቅም። ዓርማን በገጽ መካከል አስቀምጦ ለማሳደግ ከዚህ የተሻለ የለም።

፫. በቁጥር መለወጥ

እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ቁጥር ግን አይንቀጠቀጥም። ቅርጹን ከመረጥን በኋላ በላይኛው የመሣሪያ ረድፍ ላይ የቦታው፥ የወርዱና የቁመቱ ቁጥሮች ይታያሉ። በወርድና በቁመት መካከል ያለችው ትንሽ የቁልፍ ሥዕል ከተዘጋች አንዱን ስንጽፍ ሌላው በምጣኔው ይከተላል። ከጐኑ ያለው መለኪያ ሚሊ ሜትር ይሁን ወይም ሌላ አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ 80 ሳንቲ ሜትር ብሎ የሚያስብ ሰው 80 ሚሊ ሜትር ጽፎ መገኘቱ ብርቅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የተሰወረ ወጥመድ አለ። ኢንክስኬፕ ሲጫን ጀምሮ የሚለካው በዓይን የሚታየውን ሁሉ፥ ማለት የጠርዙን መስመር ጨምሮ ነው። መስመሩ ግማሹ በቅርጹ ውጭ፥ ግማሹ በውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠርዝ ቢኖረው በቁጥሩ ሣጥን ውስጥ 102 ተብሎ ይነበባል። ለጨርቅ ወይም ለጋዜጣ ይህ ምንም አይደለም። እንጨት ወይም ፕላስቲክ በሌዘር የሚቈርጡ የምህንድስና ተማሪዎች ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ሥራውን ሁሉ እንደሚያበላሽባቸው ያውቃሉ። ለእነርሱ መፍትሔው በምርጫዎች ክፍል ውስጥ ገብቶ በሚታየው ሣጥን ፈንታ የጂኦሜትሪውን ሣጥን መምረጥ ነው።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ነገር የድሮ ሥራዎች ጉዳይ ነው። ከ0.92 እትም በፊት የነበረው ኢንክስኬፕ አንድን ኢንች 90 ፒክስል አድርጎ ይቈጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ከ0.92 እትም ጀምሮ 96 ሆነ። በድሮው 100 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሣለ ቅርጽ በአዲሱ ልክ ሳይታረም ቢነበብ 93.75 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፕሮግራሙ የድሮ ፋይል ሲከፈት ምን እናድርግ ብሎ መጠየቁ ለዚህ ነው። ጥያቄውን ሳያነቡ ማለፍ ዋጋ ያስከፍላል።

፬. የመስመር ውፍረት

የዓርማችን መጽሐፍ ከሩቅ ለምን ጠፋ? ዓርማው በመጀመሪያ 20 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ የመስመሩ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር፥ ይኸውም የወርዱ አንድ ሁለት መቶኛ ነው። ቁመቱን ወደ 80 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት አራት እጥፍ ስናደርሰው መስመሩ ግን ያው 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቀረ፤ አንድ ስምንት መቶኛ ሆነ ማለት ነው። በጠረጴዛ ላይ በቅርብ ስናየው አለ፤ ከአዳራሹ በር ሃያ እርምጃ ርቀን ስናየው የለም።

ምክንያቱ አንዲት ትንሽ ምልክት ነበረች። የመምረጫው መሣሪያ በተያዘ ጊዜ በላይኛው ረድፍ ላይ አራት ምልክቶች ይታያሉ። የመጀመሪያዋ ስትበራ የመስመር ውፍረት ከቅርጹ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ስትጠፋ ውፍረቱ እንዳለ ይቀራል። ሁለተኛዋ የአራት ማዕዘንን የተጠጋጋ ማዕዘን እንዲሁ ታደርጋለች። ሦስተኛዋና አራተኛዋ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ የሚሸጋገር ቅብና የተደጋገመ ንድፍ ከቅርጹ ጋር ይለወጥ እንደ ሆነ ይወስናሉ።

የትኛው ይሻላል ቢሉን መልሱ እንደ ሥራው ነው። ዓርማ፥ ማኅተምና ጌጥ ሲሆን መስመሩ አብሮ ማደግ አለበት፤ አለዚያ መልኩ ይለወጣል። የግራፍ፥ የኤሌክትሪክ ወረዳ ወይም የምህንድስና ሥዕል ሲሆን ግን በአንድ ገጽ ላይ ያሉ መስመሮች ሁሉ አንድ ውፍረት እንዲኖራቸው ይፈለጋልና ምልክቷን ማጥፋት ይገባል። ክፉው ነገር አንዱን ቅርጽ በርቶ፥ ሌላውን ጠፍቶ ሳያውቁ መለወጥ ነው።

፭. ብዙ ቅርጾችና ፊደሎች

ዓርማ አንድ ቅርጽ አይደለም፤ ክብ፥ መጽሐፍ፥ ችቦና ፊደል ተሰብስበው ነው። ሁሉንም መርጠን ኮንትሮልንና የላቲኑን «ጂ» በመጫን በአንድነት ብናስራቸው እንደ አንድ ሆነው ያድጋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም በዚያው ልክ ያድጋል። የለውጥ መስኮት በተባለው ውስጥ ግን እያንዳንዱን ለብቻው ለውጥ የሚል አማራጭ አለ፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቅርጽ በራሱ ማዕከል ዙሪያ ያድጋል ወይም ያንሳል። በካርታ ላይ የተበተኑ ሃምሳ ነጥቦችን ቦታቸውን ሳይለቁ ለማሳነስ የሚጠቅም ይህ ነው።

ስለ ፊደላችንም አንድ ቃል እንበል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ በማናቸውም ዘመናዊ ኮምፒውተር ሊጻፍ ይችላል፤ በፊደል ፋይሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሆሄም ራሱ በስሌት የተሠራ ቅርጽ ነው። ስለዚህ ቢያድግ አይበላሽም። ነገር ግን ሥዕላችንን ወደ ማተሚያ ቤት ስንልክ በዚያ ያለው ኮምፒውተር የእኛ የፊደል ፋይል ከሌለው ጽሑፉ በሌላ ፊደል ይተካል፥ ወይም ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። ይህ እንዳይሆን በመጨረሻው ቅጂ ላይ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ቃሉን ማረም አይቻልምና የሚታረመውን ዋናውን ቅጂ ለብቻው ማስቀመጥ አይረሳ።

ፎቶግራፍ በቬክተር ሥዕል ውስጥ ቢገባ ቬክተር አይሆንም። አጥር ውስጥ የገባ በግ ፍየል እንደማይሆን ሁሉ፥ ነጠብጣብ የሆነው ነጠብጣብ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ሲያድግም ይደበዝዛል።

፮. መጠን እውነትን ሲለውጥ

እስካሁን የተናገርነው ስለ መልክ ነው። ከመልክ የሚበልጥ ነገር ግን አለ፤ መጠንን ያለ ጥንቃቄ መለወጥ ሰውን እስከ ማሳሳት ይደርሳል።

የመጀመሪያው ምሳሌ ካርታ ነው። አንድ የግቢ ካርታ በኤ4 ወረቀት ላይ በ1፡2,000 ተሣለ እንበል፤ ይኸውም 5 ሳንቲ ሜትር 100 ሜትር ማለት ነው። በግድግዳ ላይ ይለጠፍ ዘንድ ወደ ኤ3 ብናሳድገው ወርዱም ቁመቱም 1.414 ጊዜ ያድጋል። 5 ሳንቲ ሜትሩ 7.07 ይሆናል፤ ትክክለኛው ልክም 1፡1,414 ሆነ። «1፡2,000» የሚለው ጽሑፍ ግን ፊደሉ ከማደጉ በቀር አልተለወጠም፤ ስለዚህ ካርታው ይዋሻል። በማስመሪያ ለክቶ በ2,000 የሚያባዛ ሰው 100 ሜትሩን 141 ሜትር ያደርገዋል። በቁጥር ፈንታ፥ ወይም ከቁጥሩ ጋር፥ «100 ሜትር» የሚል የተሠመረ መለኪያ ቢኖርና ከካርታው ጋር ቢታሰር ግን አብሮ ስለሚያድግ ሁል ጊዜ እውነት ይናገራል። ካርታው በጐን ብቻ ከተለጠጠ ግን እርሱም አያድነንም፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለው ርቀት ልክ ቢሆን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ሐሰት ይሆናል።

ሁለተኛው ምሳሌ ቁጥርን በሥዕል ማሳየት ነው። ከቤተ መጻሕፍት በአንደኛው መንፈቅ 1,000፥ በሁለተኛው 2,000 መጻሕፍት ተወሰዱ እንበል። ይህን በመጽሐፍ ሥዕል ለማሳየት የመጀመሪያውን ቀድተን ወደ 200 በመቶ ብናሳድገው ወርዱም እጥፍ፥ ቁመቱም እጥፍ ይሆናል፤ የያዘው ቦታ ግን አራት እጥፍ ነው። ዓይን የሚያየው ቦታውን ነውና አንባቢው «አራት ጊዜ ጨመረ» ብሎ ያምናል። ቦታው እጥፍ እንዲሆን ከተፈለገ ማሳደግ የሚገባን ወደ 141.4 በመቶ ነው፤ ይኸውም የ2 ዳግም ዘር ነው። ይልቁንም አንድ መጠን ያላቸው ሁለት መጻሕፍት ጐን ለጐን ማድረግ ከሁሉ ይቀላል።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ቀላል ነገር አይደለም። ስለ መኝታ ቤት መጣበብም ሆነ ስለ ምግብ ወጪ ለአስተዳደሩ አቤት ስንል ግራፍ እናቀርባለን። ሥዕላችን ከቁጥራችን በልጦ ቢገኝ፥ ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ጠቅላላው አቤቱታችን ይናቃል፤ መናቁም የሚገባው ይሆናል።

፯. ማሳነስም ጉዳት አለው

ቬክተር አይበላሽም ማለት ሁል ጊዜ ይነበባል ማለት አይደለም። ከኤ4 ወደ ኤ5 ስናሳንስ ሁሉም ነገር ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። በ10 ነጥብ የተጻፈ ፊደል 7 ነጥብ ያህል ይሆናል፤ ያን ጊዜ «ሉ» ከ«ሊ»፥ «ቁ» ከ«ቂ» የሚለዩበት ትንሽ ምልክት በማባዣ መኪና ሲታተም ቀለም ይውጠዋል። 0.25 ሚሊ ሜትር የነበረ መስመርም ወደ አምስተኛው ቢያንስ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ከወረቀት ላይ ይጠፋል። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ሠዓሊ ለአንድ ዓርማ ሁለት ቅጂ ያዘጋጃል፤ ለትልቅ ሥራ ዝርዝር ያለው፥ ለደብዳቤ ራስጌ ደግሞ መስመሩ ጥቂትና ወፍራም የሆነ።

መልመጃ

አንባቢ በራሱ ይፈትን ዘንድ ሦስት ጥያቄ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ወርዱ 60፥ ቁመቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅርጽ ቁልፉ ተዘግቶ ወርዱ 150 ቢደረግ ቁመቱ ስንት ይሆናል?

ሁለተኛ፤ በ1፡5,000 የተሣለ ካርታ ወደ 200 በመቶ ቢያድግ በላዩ ሊጻፍ የሚገባው ልክ ስንት ነው?

ሦስተኛ፤ አንድ ክብ 400 ተማሪዎችን የሚያሳይ ቢሆን፥ በቦታው ስፋት 900 ተማሪዎችን እንዲያሳይ ወደ ስንት በመቶ ማሳደግ ያሻል?

መልሱ በተራ 100 ሚሊ ሜትር፥ 1፡2,500 እና 150 በመቶ ነው። ሦስተኛውን 225 በመቶ ያለ ጓደኛችን ስድስተኛውን ክፍል ደግሞ ያንብብ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። መሣሪያው ነጥቦቹን በታማኝነት ያባዛልናል፤ ክቡ ክብ ሆኖ እንዲቀር፥ መስመሩ እንዲታይ፥ ካርታው እንዳይዋሽ መጠበቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው። ለዚህም ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ ከመጐተት በፊት ኮንትሮልን መጫን፥ የቁልፏን ሥዕል ማየት፥ የመስመሩን ምልክት መመልከት፥ ከዚያም አንዱን ናሙና በትክክለኛው መጠን አትሞ ከሩቅ ማየት ይበቃል። እኛ ይህን አራት ደቂቃ ስለ ነፈግን በእንቁላል ሥር ተሰበሰብን። ለሚመጣው ጉባኤ አዲስ ጨርቅ ለማሳተም መዋጮ መሰብሰብ ጀምረናል፤ በዚህ ጊዜ ክቡ ክብ እንደሚሆን ለአባሎቻችን ቃል እንገባለን።